ወዬሳ ከእንግዲህ አይጠቅመንም

ፀዳለ ከአራት ኪሎ ስትመለስ ድንቅነሽ የጊቢውን በር ከፍታ ቆማ አገኘቻት። ድንቅነሽ ፀዳለን አዝላ ያሳደገች የቤቱ ሠራተኛ ናት። ደስ የሚል ወሬ ሲኖራት ከወጥ ቤቷ ሆና ትጮሃለች፤ ክፉ ወሬ ሲሆን ግን በር ድረስ ትወጣለች። ይህን አመሏን የምታውቀው ፀዳለ ገና ከሩቁ ስታያት መንገዱን በሩጫ ጨረሰች።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ኧረ በስመአብ በይ! ማንም አልሞተ። ወዬሳ መጥቶ ነበር።»

«መቼ?»

«ጧት አንቺ እንደወጣሽ። ፀጉሩን ተቆርጦ፣ የአውዳመት ሸሚዙን ለብሶ። ‹ተቀይሜያት ስለሄድኩ ይቅርታ ልላት ነው› አለኝ። እናትሽ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ቅዳሜ አይደል፣ ቶሎ ትመጣለች፣ ሰርቪሱ ውስጥ ቁጭ በል ብዬ አስገባሁት። ግማሽ ሰዓት እንኳን አልቆየ። ሲወጣ...» ድንቅነሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። «ሲወጣ ፀዳልዬ፣ አስከሬን መስሎ ነው የወጣው። ‹ምን ሆንክ?› ብለው ‹ምንም እትዬ ድንቅነሽ፣ ማንበብ መማር ደግ አይደለም› አለኝና ሄደ።»

ፀዳለ ቦርሳዋን እዚያው ጥላ ወደ ሰርቪሱ ሮጠች።

ሰርቪሱ ድሮ የአሽከሮች ማደሪያ ነበር። አሁን የፀዳለ ሸረሪቶች ይኖሩበታል። መዳፍ የሚያህሉ፣ እንደ ድመት ጸጉር የለበሱ አምስት ሸረሪቶች በአምስት የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ፣ ቀንም ሌትም ከማይጠፋ አምፖል ሥር ተደርድረዋል። የጠርሙሶቹ ክዳን አየር እንዲያስገባ በምስማር ተበስቷል። እንግዳ ሰው ቢገባ ከእነርሱ ሌላ ምንም አይታየውም። ፀዳለ ግን ቀና ብላም አላየቻቸው፤ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ተተከለ። ትናንት ለአለቃዋ ለዶክተር ተክለማርያም መጻፍ የጀመረችው ሪፖርት እንደተወችው ተዘርግቷል። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ብሎ ያበቃል፦

«ወዬሳ የሚፈለግበትን ሁሉ ሰጥቷል። ከእንግዲህ አይጠቅመንም፤ ዕድሜውም ብዙ የቀረው አይመስለኝም። ከድንጋይ ካባው በኩል ሌላ ወንድ መፈለግ ይኖርብናል።»

በየቃሉ ሥር ነጣ ያለ የጣት ዱካ አለ። ወዬሳ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ አቧራው ከጣቱ ስንጥቆች ውስጥ በሳሙናም አይወጣ። ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለሆነ እስከ ዛሬ የሚያነበው ጣቱን ከቃሉ ሥር እያስኬደ ነው። ዱካው «ይኖርብናል» የምትለዋ ቃል ላይ ደርሶ ቆሟል። ገጹን አልገለበጠውም። ቢገለብጠው ኖሮ ወዬሳ የሚባለው ከጠርሙሶቹ ባንደኛው ውስጥ ያለው ወንድ ሸረሪት እንደሆነ፣ ወንድ ሸረሪት ደግሞ ዘሩን ከሰጠ በኋላ ጥቂት ወር ብቻ እንደሚኖር ባነበበ ነበር።

«እናቴ ድረሽ!» አለች ፀዳለ። ወረቀቱን በእርሱ ዓይን ደግማ አነበበችው። አንዷም ቃል አላማረችም። አንዷም ቃል ልትስተካከል አልቻለችም።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት በአስኮ በኩል ባለው ድንጋይ ካባ ላይ ነው። እነዚህ ሸረሪቶች ከዚያ ኮረብታ ሌላ የትም ታይተው አያውቁም፤ ካባው ደግሞ ኮረብታውን በየቀኑ ይበላዋል። የሥነ ሕይወት ረዳት መምህሯ ፀዳለ ሐሳቧ ቅን ነበር፦ ድማሚት ሳይደርስባቸው ማውጣት፣ ማራባት፣ ካባው ሲዘጋ ልጆቻቸውን ወደ ኮረብታቸው መመለስ። ጉድጓዶቹን የሚያውቀው ግን ወዬሳ ነበር። የጉድጓዱን አፍ በሰንበሌጥ ጫፍ እየነካካ፣ «ነይ የኔ እመቤት፣ ቤት ልንሰጥሽ ነው» እያለ ሲያባብላቸው እንደ ተጠራ እንግዳ ይወጣሉ። አንድ ቀን ጠርሙሱን ሲያቀብላት ጣታቸው ተነካካ፤ ሁለቱም ጠርሙሱን ይዘው ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ሸረሪት ባይኖርም ካባው ድረስ መሄድ ለመደች።

ለእናቷ ለወይዘሮ ወለተጻድቅ ይህ የሚነገር ነገር አልነበረም። የወዬሳ አባት ነገሬ እስከ ስድሳ ሰባቱ አዋጅ ድረስ የፀዳለ አባት ጭሰኛ ነበር። መሬቱ ተወረሰ፤ ጌትነቱ ግን በወይዘሮ ወለተጻድቅ አፍ ውስጥ ቀረ። ወዬሳን ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ «የነገሬ ልጅ» ነው የሚሉት፣ እርሱንም አፍንጫቸውን ነፋ አድርገው።

ወዬሳ ታዲያ ካባው ላይ በተገናኙ ቁጥር የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ነበረው። «ደህና ናቸው?» ይላል። «ደህና ናቸው» ትለዋለች። ደህና አልነበሩም። በእጁ ካወጣላት አሥራ ዘጠኝ ሸረሪቶች አሥራ አራቱ ሞተዋል፤ አንዳንዱ ደርቆ፣ አንዳንዱ ሻግቶ፣ አንዳንዱ ያለ ምክንያት። ከአምፖሉ ጀርባ ባለው መጋረጃ ውስጥ በአልኮል ጠርሙስ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የዋሸችው ቀጣይዋ እንደምትተርፍ እርግጠኛ ስለነበረች ነው። በኋላ ግን ውሸት እንደ ሸረሪት አይደለምና፣ በጠርሙስ ውስጥም ይራባል።

የተጣሉት ባለፈው ረቡዕ ነው። ኮረብታው ላይ እንቁላሏን ያቀፈች አንዲት የመጨረሻ እናት ሸረሪት ቀርታለች፤ ጉድጓዷን ወዬሳ ያውቃል፣ ለፀዳለ ግን አላሳየም።

«ሰኞ ድማሚት ይቀበርበታል እኮ! ትሞታለች!» አለችው።

«ስትሞት ቤቷ ነው የምትሞተው።»

«እሱ ለእሷ ምን ይጠቅማታል?»

«ላንቺስ ማውጣቱ ምን ጠቀመሽ?»

ይህን ያለው መሞታቸውን ሳያውቅ ነበር፤ እርሷ ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነባትና ተቆጣች። «ያንተ ሥራ ጉድጓዱን ማሳየት ነው!» አለችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ወዬሳ መሮውንና መዶሻውን አንስቶ ዞር ሳይል ወረደ። ወረቀቱም ያንኑ ቃል ደግሞ ነገረው፤ በዚያ ላይ በቀለም።

ድንቅነሽ የሰርቪሱ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ሌላም አለ» አለች። «እሱን ልነግርሽ ፈርቼ ነው። ነገሬ ቅድም እያለቀሰ መጥቶ ነበር። ወዬሳ ከዚህ ወጥቶ በቀጥታ ቀበሌ ሄዶ ለውትድርና ተመዘገበ። በፈቃዱ። መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ይነሳል አሉ።»

ፀዳለ ሰዓቷን አየች። ስምንት ተኩል ሊሆን ነው። ግንቦት 1980 ነበር፤ በዚያ ዓመት ከኮልፌ ወደ ሰሜን የሄደ መኪና ተሳፋሪዎቹን ይዞ ሲመለስ ያየ የለም። ወረቀቱን አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች፤ ልቧ ከእግሯ ቀድሞ ነበር።

ጊቢው በር ላይ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ሲመለሱ ተገጣጠሙ። ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ወዴት ነው እንዲህ እብድ መስለሽ?»

«ቀበሌ። ወዬሳ ሊዘምት ነው።»

እናቷ ሳቅ አሉ። «ያ ሸረሪትሽ? ሸረሪትም ይመለመል ጀመር?»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ለሸረሪቱ የወጣለትን ያንን ስም ይወዱት ነበር። ልጃቸው በጭሰኛቸው ልጅ ስትቀልድ ስለመሰላቸው «ደግ አደረግሽ፣ ስሙ ቦታውን አገኘ» ብለዋት ያውቃሉ። ያን ጊዜ ፀዳለ ዝም ብላ ነበር። የዚያ ዝምታ ኀፍረት አሁን ገና እንደ ትኩስ ውኃ ፊቷ ላይ ወረደ።

«ሸረሪቱ አይደለም እማዬ። ሰውየው ነው። የነገሬ ልጅ። ስሙ ወዬሳ ነው፣ እወደዋለሁ።»

ፀዳለ በእናቷ አጠገብ አልፋ ቁልቁለቱን ስትያያዘው «አባትሽ ከመቃብሩ ይሰማሻል!» ሲሉ ከኋላዋ ሰማች። ይስማ፣ አለች በልቧ። ምናለ ወዬሳም ቢሰማኝ።

ቀበሌው ጊቢ በር ላይ ሁለት ኦራል መኪና ቆሟል። በሽቦ አጥሩ ውጭ እናቶች ተደርድረው ይላቀሳሉ፤ ውስጥ ልጆቻቸው በየረድፉ ተቀምጠዋል። ፀዳለ ዘበኛውን ገፍታ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባች። ጓድ ገብረአምላክ ካኪውን ለብሶ ስም ዝርዝር ላይ ቀይ መስመር ያሰምር ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወዬሳ ነገሬ የተመዘገበው በስህተት ነው! የኔን ወረቀት አንብቦ ተሳስቶ ነው። ወረቀቱ ስለ ሸረሪት ነው!»

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስለ ምን?»

«ስለ ሸረሪት። ይኸው፣ ገጹን ይገልብጡት። ይህ ስም የወንዱ ሸረሪት ስም ነው። እሱ የራሱ መስሎት...»

ጓድ ገብረአምላክ ወረቀቱን አነበበ። ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ከዚያ ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ የደከመው ሰው ሳቅ ነው።

«እኅቴ፣ ዛሬ ከጧት ጀምሮ ስንት እናት መጣች መሰለሽ። አንዷ ልጄ አስም አለበት ትላለች፣ አንዷ አንድ ለእናቱ ነው ትላለች። ሸረሪት ያለችኝ አንቺ ብቻ ነሽ።» ሳቁ ጠፋ። «አርባ ሰው አምጣ ተብያለሁ። ሠላሳ ዘጠኙን ያመጣሁት ከየአልጋው ሥር ጎትቼ ነው። አንዱ በገዛ እግሩ መጣ። እሱን ልልቀቅልሽ? ደግሞ የወይዘሮ ወለተጻድቅ ልጅ አይደለሽም? የጭሰኛ ልጅ ዛሬም ካላንቺ ፈቃድ አይሄድም?»

«እባክዎ...»

«ሂጂ ተሰናበቺው። ከዚህ በላይ የምሰጥሽ የለኝም።»

ጫማው ላይ ልትወድቅ ፈልጋ ነበር። ቢጠቅም ኖሮ ትወድቅ ነበር። ግን ይህ ሰው ራሱ የፈራ መሆኑን ዓይኑ ውስጥ አየች፣ ተስፋዋም እዚያው ተቆረጠ።

ከጊቢው ወጥታ በአጥሩ ዞረች፤ ወዬሳ ከውስጥ በኩል ከአጥሩ ጥግ ብቻውን ተቀምጧል። ከሽቦው ውጭ አባቱ ነገሬ ቋጠሮ ይዞ ቆሟል፤ ፀዳለን ሲያይ ራቅ አለላቸው። ወዬሳ ሲያያት አልተነሳም። እርሷ ሽቦውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ወረቀቱ ስላንተ አይደለም» አለች።

«ስሜ ነው የተጻፈው።»

«የወንዱ ስም ነው። ጠርሙስ ውስጥ ያለው። ገጹን ብትገለብጠው ኖሮ... ይኸው፣ አንብበው።»

በሽቦው ቀዳዳ አቀበለችው። ወዬሳ ጣቱን አስቀድሞ ቀስ እያለ አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

«ስሜን ለሸረሪት ሰጠሽው?»

«ቤታችን ውስጥ ስምህ አይጠራም። ታውቃለህ።» ወደ ሽቦው ተጠጋች። «እማዬ ፊት ልጠራህ ፈልጌ ነው። ‹ወዬሳ በላ? ወዬሳን በረደው? ወዬሳ ጋ ልሂድ› እላለሁ፣ ማንም አይቆጣኝም። በቀን ሃያ ጊዜ እጠራሃለሁ። ሌላ ምን ማድረግ እችል ነበር?»

ወዬሳ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሏት ነበር፤ ሳቁ ነው። «በሸረሪት ተቀይሜ ዘመትኩ በይኛ!» አለ። እርሷም እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ሁለቱም ሽቦውን ይዘው ሲስቁ አጠገባቸው የነበረች እናት ገላመጠቻቸው። ለጥቂት ጊዜ መኪናውም፣ ሰሜኑም፣ ዘጠኝ ሰዓቱም የሉም ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ወዬሳ ትክ ብሎ አያት።

«ደህና ናቸው?» አለ።

መልሱ በልማድ አፏ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ዓይኖቹን እያየች ለመናገር አልቻለችም፣ ሽቦውን የያዙ ጣቶቹን አየች።

«ሞተዋል» አለች። «አሥራ አራቱ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስዋሽህ ነው የኖርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«ጧት መጋረጃውን ገልጬ አየኋቸው። አንድ በአንድ አወቅኳቸው። ያቺን እግሯ የጎደለውን፣ ያቺን ቀዩዋን...» ተነሥቶ ፊቱን ወደ ሽቦው አስጠጋ። «ወረቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቆሜ እጠይቅሽ ነበር ፀዳለ። ‹እንዴት እንዲህ ትጽፊያለሽ?› ብዬ እጮህብሽ ነበር። ጠርሙሶቹን ሳይ ግን የምጠይቀው ጠፋኝ። ቤት ልንሰጥሽ ነው እያልኩ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። የኔ እጅ ነው። እሷ እንዲህ ከዋሸችኝ፣ አይጠቅመንም ማለቷም እውነት ነው አልኩ።»

ወረቀቱ አሳስቶት ነበር፤ ጠርሙሶቹ ግን አላሳሳቱትም።

«በጓሮ በኩል አጥሩ ተቀዷል» አለች ድንገት በሹክሹክታ። «ስገባ አይቼዋለሁ። ዘበኛው በር ላይ ነው። ሰርቪሱ ውስጥ እደብቅሃለሁ። እቆልፍብሃለሁ፣ ምግብ አመጣልሃለሁ፣ እስኪያልፍ ድረስ ማንም አያይህም። በሕይወት ትኖራለህ ወዬሳ!»

ወዬሳ ቁጣ አልነበረውም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«ክዳኑንስ በምስማር ትበሺልኛለሽ?» አለ።

እጇ ከሽቦው ላይ ወረደ።

«ደግሞ አርባ ነው የተባለው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ብጠፋ አርባኛውን ከየትም ይጎትቱታል። የእነዚህ ሴቶች የአንዷን ልጅ ነው።»

ፉጨት ተነፋ። ወታደሮቹ ረድፉን ማስነሣት ጀመሩ። ወዬሳ ፈጠን ብሎ ጣቶቹን በሽቦው አሾልኮ ጉንጯን ነካ፤ ሻካራ ናቸው፣ ድንጋይ ድንጋይ ይሸታሉ።

«ከካባው በላይ ሾላው አለ አይደል? ከሾላው ወደ ፀሐይ መውጫ ሁለተኛው ጥቁር ድንጋይ። ሥሩ ናት። እውነቱን ስለነገርሽኝ ነገርኩሽ። አውጫት አልልሽም። ተያትም አልልሽም።»

«እንግዲያስ ምን ላድርግ? ንገረኝ! ባወጣት ትሞታለች፣ ብተዋት ትሞታለች!»

«እኔም እሱን ነው ሳስብ የሰነበትኩት» አለ። በሰንበሌጥ ጉድጓድ ሲነካካ የነበረው ያ የተረጋጋ ፊት አሁን የልጅ ፊት ሆኗል። ያን ጊዜ ፀዳለ መፍራቱን አየች። ልታቅፈው ብትፈልግ መካከላቸው ሽቦ ነው።

በስም ጠሯቸው። «ወዬሳ ነገሬ!» ሲባል «አለሁ» አለና ወደ መኪናው ወጣ። ሞተሮቹ ተነሡ። እናቶቹ አጥሩን ለቀው ወደ መንገዱ ጎረፉ፤ ፀዳለም ከእነርሱ ጋር ሮጠች። መኪናዎቹ ወደ 18 ማዞሪያ መታጠፍ ሲጀምሩ ወዬሳን ከኋላ ቆሞ አየችው። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

«ፀዳለ! ጠብቂ—»

የቀረውን ሞተሩ ዋጠው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች፣ ድምፁ ግን አልደረሰም። መኪናው ታጠፈ። ከኋላው ጢስና አቧራ ብቻ ቀረ።

ፀዳለ ዞረች። ነገሬ የሚያቀብልለት ያጣውን ቋጠሮ እንደያዘ ከኋላዋ ቆሟል። ክንዱን ያዘችው።

«አባባ ነገሬ፣ ምን አለ? ‹ጠብቂኝ› ነው ያለው? ወይስ ‹ጠብቂያት›?»

ሽማግሌው ግራ ተጋብቶ አያት። «ማንን?» ለማለት አፉን ከፈተና ፊቷን ሲያይ ተወው። «‹ጠብቂ› ሲል ነው የሰማሁት ልጄ» አለ። «ሌላውን መኪናው ወሰደው።»

«ጠብቂኝ» ብሏት ከሆነ ይቅር ብሏታል፤ ዕድሜ ልኳን እዚህ መንገድ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። «ጠብቂያት» ብሏት ከሆነ ግን የተወላት ያቺን እናትና እንቁላሏን ብቻ ነው፣ ለራሷ የተተወላት ምንም የለም። ሁለቱንም ማድረግ ትችላለች። የትኛውን እንደለመናት ሳታውቅ መኖር ግን የምትችል አልመሰላትም። በሁለት ፊደል ልዩነት እንዲህ መሞት እንዳለ አታውቅም ነበር።

ነጠላዋ ወድቆ አላነሣችውም። አጠገቧ መሬት ላይ ወደተቀመጠችው እናት ሄደች። «እናቴ፣ በመጨረሻ ከመኪናው ላይ የጮኸውን ሰምተዋል? ‹ጠብቂ› ብሎ ምን አለ?» ሴትዮዋ አንገቷን በአሉታ ነቀነቀች። ወደ ሌላዋ ሄደች። ወደ ሦስተኛዋ፣ ወደ አራተኛዋ። እስከ ማዞሪያው ድረስ እየዞረች፣ የምታለቅሰውን ሁሉ እጇን እየያዘች ጠየቀች። አንዷም ልትነግራት አልቻለችም። እያንዳንዷ የሰማችው የራሷን ልጅ ድምፅ ብቻ ነበር።